ባህር ዳር ላይ ኢንቨርተር ለመሥራት ዕቃ ከየት ይገኛል? ዲዛይኑስ ከምን ይነሳ?

ጣናዳር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ቤተሰብ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጥ ጓደኛ አለኝ። ያለው አንድ ፍሪዘር ነው። ቆሮሶና አምባዛ ሞልቶት ሳለ መብራት ከጠፋ እንቅልፍ የለውም። 24 ቮልት ባትሪ ላይ የሚሠራ፣ 1000 ቪኤ (ቮልት በአምፔር ሲባዛ) የሚሸከም፣ ንጹሕ ሳይን ዌቭ (እንደ መብራቱ ለስላሳ ሞገድ) የሚያወጣ ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪን ዲሲ ወደ 220 ቮልት ኤሲ የሚቀይር ዕቃ፣ ልሠራለት ቃል ገባሁ። ዲዛይኑን ጨርሻለሁ። መጀመሪያ ፑሽ ፑል (ማብሪያ ማጥፊያ ትራንዚስተሮች፣ ማለትም ሞስፌቶች፣ ተራ በተራ የሚከፈቱበት) ከፌራይት ትራንስፎርመር ጋር፣ ቀጥሎ ከፍተኛውን ዲሲ ወደ 50 ኸርዝ የሚቀይር ብሪጅ።

ፈተናው የመጣው ዕቃ ፍለጋ ስወጣ ነው።

እዚህ ያሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የሚነግዱት ለጥገና ነው። ነቀፌታ አይደለም፣ ገበያቸው እሱ ነው። የቴሌቪዥን ቦርድ፣ የስታቢላይዘር ሪሌይ፣ ሪሞት፣ የቻርጀር ገመድ ሞልቷል። አዲስ ነገር ልሥራ ብሎ ለሚመጣ ሰው ግን መደርደሪያው ባዶ ነው። ፌራይት ኮር ስጠይቅ «ትልቁን ነው ትንሹን?» እባላለሁ። ማቴሪያሉ ምን እንደሆነ፣ በስንት ኪሎ ኸርዝ እንደሚሠራ የሚነግረኝ የለም። አይአር 2110 የሚባለውን ጌት ድራይቨር (ሞስፌቱን የሚከፍትና የሚዘጋ ቺፕ) በስሙም አያውቁትም። ፈጣን ዳዮድ ስጠይቅ 1ኤን 4007 ይሰጡኛል፣ «ያው ነው» ብለው። ያው አይደለም! 4007 ለ50 ኸርዝ የተሠራ ነው። በ20 ኪሎ ኸርዝ ስታሠራው ቶሎ መዝጋት አይችልም፣ ወደ ኋላ ያስተላልፋል፣ የጌት ድራይቨሩን ሰፕላይ ያበላሻል፣ ከዚያ ሞስፌቱ በተራው ይሄዳል።

አይአርኤፍ 3205 ሞስፌት ግን እንደልብ አገኘሁ። ሽፋኑ ያብረቀርቃል፣ ጽሑፉ ነጭ ሆኖ ጎልቶ ይታያል። ቤት ወስጄ ጥጥ አሴቶን ነክሬ ጠረግኩት። ጽሑፉ ጥጡ ላይ ቀረ፣ ከሥሩ የተፋቀ ጭረት ብቅ አለ። ከዚያ ጌቱ (መቆጣጠሪያ እግሩ) ላይ 12 ቮልት ሰጥቼ፣ በቀሩት ሁለት እግሮች ከድሬን ወደ ሶርስ 5 አምፔር አሳልፌ በቴስተር ለካሁ። ዳታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ) ከ8 ሚሊ ኦም አይበልጥም ስለሚል ንባቡ ቢበዛ 40 ሚሊ ቮልት መሆን ነበረበት። 130 አሳየኝ። 26 ሚሊ ኦም ማለት ነው። 40 አምፔር ቢያልፍበት ትክክለኛው የሚያባክነው 13 ዋት ገደማ ነው፣ ይሄኛው ግን ከ40 ዋት በላይ። ውስጡ ያለው ሲሊከን ስሙ ከሚለው በጣም ያነሰ ነው።

ጥያቄዬ ለሠራችሁት ሰዎች ነው። ዕቃ ከየት ነው የምታመጡት? ደግሞስ መጀመሪያ ዲዛይን አድርጋችሁ ዕቃ ትፈልጋላችሁ ወይስ ያለውን ዕቃ አይታችሁ ትነድፋላችሁ?

---

የድሮ_ጠጋኝ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡40

ጤና ይስጥልኝ ልጄ። እኔ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆይ ባለ ባትሪ ዕቃ) ስጠግን ነው ፀጉሬ የሸበተው። የጻፍከውን ሁሉ አውቀዋለሁ።

አዲስ ተብሎ ከሚሸጠው ይልቅ ከሞተ ዕቃ የተነቀለው ይታመናል። ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በባትሪው ነው። መሥሪያ ቤቶች ባትሪው ሲያረጅ ዕቃውን እንዳለ መጋዘን ይጥሉታል። ትራንስፎርመሩ፣ ሂት ሲንኩ (ሙቀት ማስወገጃ ብረቱ)፣ ሞስፌቶቹ ደህና ናቸው። በየብረታ ብረት ቤቱ ጥግ የተጣለ የብየዳ ኢንቨርተር አይተሃል? አይጂቢቲው (ትልቁ ትራንዚስተር) ቢቃጠልም ፈጣን ዳዮዶቹ፣ ማራገቢያውና ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ይተርፋሉ። ለጌት ድራይቨርህ የሚሆን ትንሽ ፈጣን ዳዮድ ደግሞ ከሞተ የሞባይል ቻርጀርና ከኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ አታጣም። ኤፍአር 107 ወይም ዩኤፍ 4007 የሚል ፈልግ።

ሁለተኛው፣ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ብቻ አትመልከት። አይሱዙም ሲኖትራክም 24 ቮልት ናቸው። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ግባ። የዲሲ ፊውዝ፣ 24 ቮልት ሪሌይ፣ ወፍራም የባትሪ ገመድ፣ ተርሚናል፣ ሁሉም አለ፤ ሹፌር እየተመላለሰ ስለሚገዛ ዕቃው መደርደሪያ ላይ አያረጅም። የቤት ብሬከር ለባትሪ መሥመር እንዳትጠቀም። ዲሲ ሲቋረጥ የሚፈጠረውን ቅስት ማጥፋት ላይችል ይችላል።

ቦርዱን መጀመሪያ ስታበራ ደግሞ በባትሪውና በኢንቨርተሩ መካከል የአይሱዙ የፊት አምፖል በሲሪየስ (በተከታታይ) አስገባ። 24 ቮልት፣ 70 ዋት የሆነውን። ቦርዱ ሾርት ካለበት አምፖሉ ቦግ ይላል፣ ሞስፌትህ ግን ይተርፋል። አምፖሉ ጠፍቶ ከቆየ ቀጥል።

---

አምባዛ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ለመማር ያህል ልጠይቅ። የተዘጋጀ ኢንቨርተር ገበያ ላይ አለ አይደል? ላዩ ላይ 3000 ዋት የሚል አይቻለሁ፣ ዋጋውም አይከብድም። ለምን ከባዶ ትሠራለህ?

---

ኪሎዋት
እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡30

@አምባዛ ደህና ጥያቄ ነው። የዕቃውን ጀርባ አይተህ ራስህ መፍረድ ትችላለህ። 12 ቮልት ላይ 3000 ዋት ማለት ቢያንስ 250 አምፔር ነው። ያ ጅረት የሚያልፍበት ገመድ አውራ ጣት ያክላል። ከሳጥኑ የሚወጣው ገመድ እርሳስ የሚያክል ከሆነ ጽሑፉ እውነት አይደለም። ከፍተህ ማየት ከቻልክ ደግሞ ፊውዞቹን ደምር። አራት ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ካገኘህ በ12 ቮልት ከ1440 ዋት በላይ አይወጣም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የሚያወጡት ሳይን ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ያለው ሞገድ ነው። አምፖልና ቻርጀር ይሸከሙታል። የፍሪዘር ኮምፕሬሰር ግን ሞተር ነው፣ ያለአግባብ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል፣ ዕድሜው ያጥራል።

@ጣናዳር ወደ አንተ ልምጣ። የመረጥከው ቶፖሎጂ (የሰርኪዩት ዓይነት) ከመረጥከው ሞስፌት ጋር አይሄድም፤ ትክክለኛው 3205 ቢሆንም እንኳ። በፑሽ ፑል ውስጥ የተዘጋው ሞስፌት የሚያየው የባትሪውን ቮልቴጅ እጥፍ ነው። 24 ቮልት ባትሪ ሲሞላ 28.8 ይደርሳል። እጥፉ 57.6 ነው። 3205 የሚችለው 55 ነው። ስፓይኩን (ቅጽበታዊውን የቮልቴጅ ዝላይ) ሳንቆጥር አልፎታል። ለ12 ቮልት ባትሪ በደንብ ይሠራል፣ ኢንተርኔት ላይ ያሉት ሥዕሎች አብዛኞቹም ለ12 ናቸው። ለ24 ፑሽ ፑል የምትፈልገው ባለ 100 ቮልት ነው፣ ለምሳሌ አይአርኤፍቢ 4110። እዚህ ፈልገህ አታገኘውም።

ስለዚህ ያለህን ይዘህ ቶፖሎጂውን ቀይር። ፉል ብሪጅ (አራት የሞስፌት እጆች ያሉት) አድርገው። እዚያ እያንዳንዱ ሞስፌት የሚያየው የባትሪውን ቮልቴጅ ብቻ ነው፣ 55 ይበቃል። ቀጥታ ከ24 ቮልቱ ሳይኑን አውጥተህ በብረት ኮር ትራንስፎርመር ወደ 220 አሳድገው። ክብደት ይጨምራል፣ ያለ ጭነትም ትንሽ ኃይል ይበላል። ግን ማቴሪያሉ ከማይታወቅ ፌራይት ትገላገላለህ። ጋሼ የጠቀሱት የዩፒኤስ ትራንስፎርመር ለዚህ ነው የተፈጠረው።

አንድ ስሌትህን ግን ላርመው። 1000 ቪኤ በ24 ሲካፈል 42 አምፔር ነው ብለህ 40ን ወስደሃል። ያ ከባትሪው የሚወጣው አማካይ ነው። ትራንስፎርመሩ ባትሪው 21 ቮልት ሲወርድም 220 እንዲያወጣ ከፈለግክ ዝቅተኛው ጥቅል 15 ቮልት ገደማ መሆን አለበት። 1000 ለ15 ሲካፈል 67 አምፔር አርኤምኤስ (የኤሲ ውጤታማ ዋጋ) ነው፣ ጫፉ ደግሞ ከ90 በላይ። በሞስፌቶቹ የሚያልፈው እሱ ነው። በእያንዳንዱ እጅ አራት አራት በፓራለል (ጎን ለጎን) አስቀምጥ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ የጌት ሬዚስተር ይኑረው። አንዱን ሬዚስተር ለአራቱ ካካፈልክ እርስ በርስ ይርገበገባሉ።

---

ጣናዳር
እሑድ፣ ከቀኑ 6፡20

@ኪሎዋት እጅግ አመሰግናለሁ እህቴ። የ57.6ቱ ነገር ብቻውን ሌላ ዲዛይን እንድጀምር ይበቃኛል።

ትናንት የፍሪዘሩን ጅረት በክላምፕ ሜትር ለካሁ። ሲሮጥ 0.8 አምፔር አካባቢ ነው። ሲነሳ ግን ለአንድ ቅጽበት ከ6 በላይ ይዘላል። 220 ስታበዛበት ከ1300 ቪኤ በላይ መሆኑ ነው። ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ብዙውን ሰዓት የሚሸከመው 150 ዋት ብቻ ከሆነ፣ ማለትም በትራንስፎርመሩ በኩል 10 አምፔር ገደማ፣ እነዚያን የተፋቁትን ሞስፌቶች በዛ አድርጌ ብጠቀምስ? 10 አምፔር ለአራት ሲካፈል ሙቀቱ ኢምንት ነው።

---

ኪሎዋት
እሑድ፣ ከቀኑ 7፡10

አይሆንም፣ እና ምክንያቱ ሙቀቱ አይደለም። በ10 አምፔር ማንኛውም ይሠራል። ችግሩ ያቺ ቅጽበት ናት። ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ሙቀቱ ወደ ሂት ሲንኩ ለመድረስ ጊዜ የለውም፣ ሲሊከኑ ራሱ ነው የሚውጠው። ሲሊከኑ ትንሽ ከሆነ የመዋጥ አቅሙም ትንሽ ነው። ስፓይክ ሲመጣም እንደዚያው። የተፋቀው ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ አታውቅም። አንዱ 26 ሚሊ ኦም ቢያሳይ ሌላው 50 ሊያሳይ ይችላል። በፓራለል ስታስቀምጣቸው ጅረቱን እኩል አይካፈሉም። ጓደኛህ ለሊት ላይ ዓሣው ሲበላሽበት ዲዛይኑን አይወቅስም፣ አንተን ነው።

---

ዘጌ_ሶላር
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00

እኔ ሐይቁ ዳር የውሃ ፓምፕና የቤት ሶላር እተክላለሁ። ዲዛይን ላይ አልገባም፣ ስለ ቦታው ግን ልናገር።

ባህር ዳር ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ከባሕር ጠለል አየር 20 በመቶ ያህል ይሳሳል። ዳታሺት ላይ ያለው የሂት ሲንክ ቁጥር እዚህ እንዳለ አይሠራም፣ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ሂት ሲንክ ምረጡ። ሌላው እርጥበቱና ትንኙ ነው። ማታ መብራት ያየ ትንኝ ሁሉ በማራገቢያው ተስቦ ገብቶ ቦርዱ ላይ ይለጠፋል። እዚያው ይበሰብሳል፣ ጠዋት ጤዛ ሲይዘው ጅረት ያስተላልፋል። ከፍቼ ካየኋቸው ብልሽቶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ማራገቢያው ላይ ወንፊት አድርጉ፣ ቦርዱን ደግሞ ከሞከራችሁ በኋላ ቫርኒሽ ቀቡት። ሞተር የሚጠቀልሉ ሰዎች ጋ ያለው ቫርኒሽ ይሆናል።

ለዓሣው ነጋዴ ደግሞ አንድ ነገር ንገርልኝ። የፕላስቲክ ጠርሙሶች ውስጥ ውሃ በሊትር 100 ግራም ያህል ጨው ጨምሮ ፍሪዘሩ ግድግዳ ዳር ይደርድር። ጨው ያለው ውሃ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ አካባቢ ነው መርጋት የሚጀምረው፤ መብራት ሲጠፋ ሲቀልጥ ቅዝቃዜውን እዚያ ላይ ይይዘዋል። ጠርሙሱን እስከ አፉ አይሙላው፣ ሲረጋ ይፈነዳል። ሞልቶ ያልተከፈተ ፍሪዘር እስከ ሁለት ቀን ቅዝቃዜውን ሊይዝ ይችላል። የሱ ቀን ሙሉ ስለሚከፈት ያን ያህል አይቆይም፣ ግን ኢንቨርተሩ የሚሠራበትን ሰዓት በጣም ይቀንስለታል።

---

ሸገር_ፓርት
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡45

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። እዚህ ሁሉ ነገር አለ ብላችሁ እንዳታስቡ። መርካቶም ያለው በብዛት የጥገና ዕቃ ነው፣ የተፋቀውም ሞስፌት ወደ እናንተ የሚመጣው በዚሁ በኩል ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ነጋዴ ገንዘቡን የሚያስረው ቶሎ በሚሸጥ ዕቃ ላይ ነው። አይአር 2110 በዓመት ስንት ሰው ይጠይቀዋል? አያመጣውም፣ ልፈርድበትም አልችልም።

ከጋሼ ጋር ግን በአንድ ነገር አልስማማም። ከሞተ ዕቃ ነቅሎ መሥራት ለአንድ ኢንቨርተር ይሆናል። የጎረቤቱ ዓሣ ነጋዴ «ለኔም ሥራልኝ» ሲልህስ? ያው ዩፒኤስ፣ ያው ሞስፌት፣ ያው ቁጥር ድጋሚ አይገኝም። እንደገና ከዜሮ ትነድፋለህ። ዲዛይን ማለት ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው መሥራት መቻል ነው። እኔ ታምኖ ከሚሸጥ አከፋፋይ፣ እንደ ሞውዘር ወይም ኤልሲኤስሲ ካሉት፣ አዝዤ መጠበቅን እመርጣለሁ። ማጓጓዣው ከዕቃው ዋጋ በላይ የሚሆነው ብቻህን ስታዝ ነው። ለአሥር ሰው አንድ ላይ ቢታዘዝ ድርሻው ይቀላል።

---

የድሮ_ጠጋኝ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡15

@ሸገር_ፓርት ልጄ፣ ያልከው እውነት ነው። ግን አንተ «እጠብቃለሁ» ስትል ሰውዬው ዓሣው እየተበላሸ ነው። መንገድ ሲዘጋጋ ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ የተላከ ዕቃ እንኳ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ሰው ዛሬ ማታ የሚሠራ ነገር ይፈልጋል።

---

ኪሎዋት
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡50

ሁለታችሁም የምትሉት አብሮ ይሄዳል እኮ። ሲሊከን ያለበትን ሁሉ እንዘዝ፦ ሞስፌት፣ ጌት ድራይቨር፣ የሳይን ቦርድ፣ ፈጣን ዳዮድ። ቀላል ናቸው፣ ኪስ ውስጥ ይገባሉ፣ ሐሰተኛው የሚበዛውም እነሱ ላይ ነው። ብረትና መዳብ የሆነውን ሁሉ እዚሁ እንሥራ፦ ትራንስፎርመር፣ ገመድ፣ ፊውዝ፣ ሂት ሲንክ፣ ሳጥን። ከባድ ናቸው፣ ማጓጓዝ አያዋጣም፣ ሐሰተኛ መዳብም በቢላዋ ፋቅ ስታደርገው ይታወቃል። ትራንስፎርመሩን ከዩፒኤስ ብታገኘውም የጥቅሉን ቁጥር ጽፈህ ካስቀመጥክ ሁለተኛውን ሞተር የሚጠቀልል ሰው ይደግምልሃል። @ሸገር_ፓርት ያነሳኸው የመድገም ጥያቄ በዚህ ይፈታል።

@ጣናዳር ለሳይኑ ኢጂኤስ 002 የሚባለውን ትንሽ ቦርድ እመክርሃለሁ። ኢጂ 8010 ቺፕ ከሁለት አይአር 2110 ጋር አብሮ ይዟል። ጌት ድራይቨር ለብቻ ከመፈለግ ትድናለህ። ወደ 23 ኪሎ ኸርዝ ነው የሚሠራው። ዴድ ታይሙን (ላይኛውና ታችኛው ሞስፌት አብረው እንዳይከፈቱ የሚተወውን ክፍተት) በጃምፐር ትመርጣለህ፣ ከ300 ናኖ ሰከንድ እስከ 1.5 ማይክሮ ሰከንድ። አራት 3205 በፓራለል ሲሆኑ ጌታቸውን ለመዝጋት ጊዜ ስለሚወስድ ከአጭሩ አትጀምር፤ ከ1 ማይክሮ ሰከንድ ተነስ። ሥራውን ስትጀምር ቮልቴጁን ቀስ ብሎ ስለሚያሳድግ ለትራንስፎርመሩም ጥሩ ነው።

የቦርዱ አቀማመጥ ላይ ደግሞ በቂ ጊዜ ውሰድ። እዚህ የሚቃጠሉ ኢንቨርተሮችን ሳይ አንድ ነገር ይደጋገማል፤ ካፓሲተሩ አንድ ጥግ፣ ሞስፌቱ ሌላ ጥግ፣ በመካከል ረጅም ሽቦ። አንድ ሴንቲ ሜትር ሽቦ በግምት 10 ናኖ ሄንሪ ኢንዳክታንስ አለው። 30 ሴንቲ ሜትር ሽቦ 300 ናኖ ሄንሪ ሆነ። 40 አምፔር በ100 ናኖ ሰከንድ ሲቋረጥበት የሚፈጠረው ስፓይክ 120 ቮልት ነው። 55 ቮልት የሚችል ሞስፌት ላይ! ሰው ከዚያ «ሞስፌቱ ሐሰተኛ ነው» ይላል፣ አንዳንዴ ግን ዕቃው ትክክለኛ ነበር፣ የገደለው ሽቦው ነው። ካፓሲተሮቹን ከሞስፌቶቹ እግር ሥር አስቀምጥ። የፒሲቢው (የሰርኪዩት ቦርዱ) መዳብ 35 ማይክሮን ብቻ ስለሆነ ይህን ጅረት አይችልም፤ የቤት ሽቦ ልጠህ መሥመሩ ላይ አስተኛውና ከዳር እስከ ዳር ሶልደር አድርገው።

---

ፔዳ_ማዶ
ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡30

ተማሪ ነኝ፣ በዝምታ ሳነብ ነበር። ካፓሲተርን በተመለከተ ያየሁትን ልጨምር። ከሱቅ 50 ቮልት 4700 ማይክሮ ፋራድ የሚል ገዝቼ በቴስተር ስለካው ንባቡ 1000ም አልሞላ። በመጋዝ ከፈትኩት። በትልቁ ቆርቆሮ ውስጥ ሌላ ትንሽ ካፓሲተር እግሩ ተቀጥሎ ተቀምጧል፣ ዙሪያው ባዶ። ስለዚህ አሁን ስገዛ በእጄ እመዝናለሁ። ከባዱን ነው የምወስደው።

እዚህ በብዛት የሚገኘው ባለ 25 ቮልት ነው። 28.8 ቮልት ለሚደርስ ባትሪ አይሆንም። 35 ጠባብ ነው፣ 50 ፈልጉ።

ጥያቄ አለኝ። ዲኤስኦ 138 የሚባለው ርካሽ ኦሲሎስኮፕ አለኝ። የጌቱን ሞገድ ለማየት ይበቃል?

---

ኪሎዋት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡40

አይበቃም ወንድሜ። የሱ አቅም 200 ኪሎ ኸርዝ ነው። የ50 ኸርዙን ሳይን በደንብ ታይበታለህ፣ የጌቱን መርገብገብ ግን አለሳልሶ ንጹሕ አስመስሎ ያሳይሃል። ይህ ካለማየት ይብሳል፣ ያዘናጋልና። ለጌት ቢያንስ 50 ሜጋ ኸርዝ ያስፈልጋል። በግቢህ ላብ ውስጥ ከአስተማሪ ጋር ተነጋግረህ ቦርዱን ይዘህ ሂድ። ወደ 220ው ጎን ስትለካ የፕሮቡ መሬት ክሊፕ የት እንደሚነካ ሳታረጋግጥ እንዳታገናኝ።

---

አምባዛ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡00

በጣም እየተማርኩ ነው፣ አመሰግናለሁ። ባትሪውስ? ስንት ሰዓት ያቆያል?

---

ዘጌ_ሶላር
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡45

ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ሊድ አሲድ በሲሪየስ 2400 ዋት ሰዓት ነው። ዕድሜው እንዲረዝም ግማሹን ብቻ ተጠቀም፣ 1200። ፍሪዘሩ 150 ዋት ሆኖ ከሰዓቱ ግማሹን ቢሠራ አማካዩ 75 ነው። ኢንቨርተሩ ራሱ ወደ 20 ይበላል። 1200 ለ95 ሲካፈል 12 ሰዓት ተኩል ገደማ። ጠርሙሶቹ ካሉበት ከዚያም በላይ።

የመኪና ባትሪ ግን አትግዙ። ሞተር ለማስነሳት ለአጭር ጊዜ ብዙ እንዲሰጥ ነው የተሠራው፣ በየቀኑ ግማሽ ድረስ ሲወርድ ቶሎ ይሞታል። ለሶላር የሚሸጠውን ዲፕ ሳይክል ጠይቁ።

ሌላም አለ። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ ኮምፕሬሰሩ በዚያው ቅጽበት መነሳት የለበትም። ውስጡ ያለው ጋዝ ግፊቱ እስኪመጣጠን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ያለበለዚያ ሞተሩ ተነቅንቆ ይቆማል፣ ያን ስድስት አምፔር ለአንድ ቅጽበት ሳይሆን ለሰከንዶች ይስባል። የኢንቨርተሩ ፕሮቴክሽን የሚዘጋው፣ ወይም ሞስፌቱ የሚሄደው፣ ያኔ ነው። የማዘግያ ሪሌይ አስገባበት። ለፍሪጅ መከላከያ ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠው ማዘግያ አለው፣ እሱን ማንም አያጣውም።

---

ጣናዳር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡50

ቤተሰብ፣ የደረስኩበትን ላሳውቃችሁ።

ፑሽ ፑሉን ትቼዋለሁ። ፉል ብሪጅ ሆኗል። የጋሼን ምክር ይዤ የሞተ 24 ቮልት ዩፒኤስ አገኘሁ። ትራንስፎርመሩን ነቅዬ፣ በ220ው በኩል አምፖል በሲሪየስ አድርጌ መብራት ሰጥቼ በሌላው በኩል ለካሁ። 17.5 ቮልት አሳየ። ለኛ ይበዛል፤ ባትሪው ሲወርድ 220 መድረስ አይችልም። ሞተር የሚጠቀልል ሰው ጋ ወስጄ ከዝቅተኛው ጥቅል ዙር ተቀንሶለት 15 ሆነ። ዙሩንም ሽቦውንም ጽፌ ይዣለሁ። ሰውዬው መዳቡን ሲያይ «ይሄማ ደህና ዕቃ ነው» ብሎ ሁለተኛ ካመጣሁ እንደሚደግምልኝ ነገረኝ።

ፊውዙ፣ ገመዱና ተርሚናሉ ከአይሱዙ መለዋወጫ ተገዝቷል። የሙከራ አምፖሉም አብሮ። ጓደኛዬ ጠርሙሶቹን ደርድሮ ባለፈው መብራት ሲጠፋ ዓሣው ሳይላላ አድሯል። ኢንቨርተሩ ሳይመጣ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል ማለት ነው፤ @ዘጌ_ሶላር እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይልሃል።

የቀረው ሲሊከኑ ነው። ከተስማማችሁ የጋራ ትዕዛዝ እናውጣ። የኔ ድርሻ 20 አይአርኤፍ 3205፣ 2 ኢጂኤስ 002፣ 10 ዩኤፍ 4007፣ 8 ባለ 50 ቮልት ካፓሲተር። የምትፈልጉትን ከሥር ጻፉ። @ሸገር_ፓርት በአንተ በኩል ማዘዝ ይቻላል?

---

ሸገር_ፓርት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡10

ይቻላል። እስከ መጪው ሐሙስ የጻፈ ይካተታል። ዕቃው ሲደርስ ከየጥቅሉ አንዳንድ አውጥቼ በ5 አምፔር ለክቼ ንባቡን እዚሁ እለጥፋለሁ፣ ከዚያ ነው ወደ ባህር ዳር የሚጫነው። ኢጂኤስ 002 ቦርዱን ግን ከአከፋፋይ ሳይሆን ከሌላ ሻጭ ነው የምናገኘው። ስለዚህ 2 ከሚያስፈልግህ 3 እዘዝ።

---

ፔዳ_ማዶ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡25

ለኔ 1 ኢጂኤስ 002 እና 10 አይአርኤፍ 3205።

---

የድሮ_ጠጋኝ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ለኔም 10 ሞስፌት። ዩፒኤስ ለማስጠገን የሚመጣ ሰው አለኝ፣ የተፋቀውን መግጠም ሰልችቶኛል። ዋጋውን በውስጥ መስመር ላክልኝ ልጄ።

---

ኪሎዋት
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡00

@ጣናዳር ትዕዛዝህ ላይ 16 ባለ 15 ቮልት ዜነር እና ለእያንዳንዱ ጌት 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጨምር። ዜነሩ ጌቱን ከ20 ቮልት በላይ እንዳያልፍ ይጠብቀዋል፣ ሬዚስተሩ ደግሞ የሳይን ቦርዱ ሶኬት ቢላቀቅ ሞስፌቶቹ ራሳቸው እንዳይከፈቱ። ሬዚስተሩ እዚህ ሱቅ አለ፣ ዜነሩን ግን እዚያው እዘዘው።